የተራበው ማን ነበር? እግዚአብሔርን በሰው የማየት ትምህርትና ኑሮ

በማቴዎስ ወንጌል በ25ኛው ምዕራፍ መጨረሻ የተጻፈው የፍርድ ትዕይንት፣ ክርስትና ስለ ድኻና ስለ እንግዳ ለተናገረው ሁሉ ዋና ምንጭ ሆኖ ኖሯል። ንጉሡ ሲራብ ያበሉትን፣ ሲጠማ ያጠጡትን፣ እንግዳ ሲሆን የተቀበሉትን፣ ሲታረዝ ያለበሱትን፣ ሲታመምና ሲታሰር የጠየቁትን በቀኙ ያቆማል፤ ይህን ያላደረጉትን በግራው። ትዕይንቱ ሲሰበክ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ፤ በቀኝ የቆሙትም በግራ የቆሙትም እኩል ይገረማሉ። አንዳቸውም ንጉሡን አላወቁትም። ያበሉት ሰዎች የራበው ሰው አይተው አበሉ እንጂ በራበው ሰው ውስጥ ጌታን አላዩም። «እግዚአብሔርን በሌላው ሰው ማየት» የሚለው የኋላ ዘመን መንፈሳዊ አነጋገር እንግዲህ ከመነሻው ጽሑፍ ጋር በጥቂቱ ይጋጫል። በወንጌሉ ማየቱ የሚመጣው ከሥራው በኋላ ነው፤ ያውም በፍርድ ቀን። ትምህርቱ በየዘመኑ የት እንደ ሠራና የት እንደ ከሸፈ ለመረዳት ከዚህ ግጭት የተሻለ መነሻ አይገኝም።

በጽሑፉ ላይ ያለው የቆየ ክርክር ንጉሡ «ታናናሽ ወንድሞቼ» ያላቸው እነማን ናቸው የሚል ነው። ብዙ የአዲስ ኪዳን ተመራማሪዎች፣ ይኸው ወንጌል በምዕራፍ 10 ለደቀ መዝሙር ስለሚሰጥ ጽዋ ውኃ የተናገረውን አስታውሰው፣ ታናናሾቹ በየአገሩ የሚዞሩት የክርስቶስ መልእክተኞች ናቸው ይላሉ። በዚህ ንባብ አሕዛብ የሚፈረዱት ስደተኛውን ሰባኪ እንደ ተቀበሉት ወይም እንደ ገፉት ነው። ሌላው ንባብ ታናሽ ማለት ችግረኛ ሁሉ ነው ይላል። በሰዋስው ሚዛን የፊተኛው ንባብ የዋዛ አይደለም። ይሁንና በሉቃስ 10 የተነገረው የሳምራዊው ምሳሌ ባልንጀርነትን ከዘርና ከሃይማኖት አጥር ያወጣዋልና ሰፊው ንባብ ከወንጌል መንፈስ ወጥቷል ማለት አይቻልም። በምእመናን ኑሮ የጸናውም እርሱ ነው።

ከትዕይንቱ ሥር ያለው መሠረት ደግሞ የበለጠ የቆየ ነው። ዘፍጥረት ሰው በእግዚአብሔር መልክ መፈጠሩን ይናገራል፤ የኢትዮጵያ ሊቃውንት ሰውን አርአያ ሥላሴ የሚሉት ከዚያ ተነሥተው ነው። አብርሃም በመምሬ ዛፍ አጠገብ ሦስቱን እንግዶች ሮጦ ሲቀበል፣ እግራቸውን ሲያስታጥብና ጥጃ ሲያሳርድ የማንን እግር እንዳስታጠበ የሚገለጥለት ከማዕዱ በኋላ ነው። አዲስ ኪዳን በዚህ ላይ የሥጋዌን ነገር ይጨምራል፤ ጳውሎስም ምእመናንን የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ ይላቸዋል። እነዚህ ሦስት መሠረቶች ስፋታቸው አንድ አይደለም። የመልኩ ትምህርት ሰውን ሁሉ ያቅፋል፣ የቤተ መቅደሱ ግን የሚመለከተው የተጠመቁትን ነው። አስተማሪው የቆመበትን መሠረት ካለየ አንዳንዴ ሰው ሁሉ አምላክ ነው ወደሚል ይንሸራተታል፣ አንዳንዴ ደግሞ ክብር ለወገን ብቻ ነው ወደሚል።

ዕውቀቱ ብቻውን ምን ያህል እንደሚያስኬድ የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪው ዣን ካልቪን ጥሩ ማሳያ ነው። የሰውን ልጅ መበላሸት አጥብቀው ካስተማሩት አንዱ ሆኖ ሳለ፣ በዋና መጽሐፉ ሰው ለሰው በጎ ሲያደርግ የተቀባዩን ብቃት እንዳይመዝን፣ በእርሱ ያለውን የእግዚአብሔርን መልክ እንዲመለከት ይመክራል። በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1553፣ ሚካኤል ሰርቬቶስ በምሥጢረ ሥላሴ ላይ ባለው ትምህርት ምክንያት በጄኔቭ በእሳት ሲቃጠል ካልቪን የሞቱን ፍርድ ደግፏል።

ከስብከት ወደ ተቋም

በ3ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ትልቅ ወረርሽኝ የሮማን ግዛት ከተሞች አጠቃ። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ዲዮናስዮስ በጻፈው መልእክት ክርስቲያኖች ሕሙማንን ሲያስታምሙ አብረው እንደ ሞቱ፣ ሌሎች ግን የታመመ ዘመዳቸውን መንገድ ላይ እንደ ጣሉ ይናገራል። ጸሐፊው ወገኑን እያመሰገነ ነውና ቃሉ በጥንቃቄ ይነበባል። ይበልጥ የሚታመነው ምስክር ከመቶ ዓመት በኋላ ከተቃዋሚ ይመጣል። የጣዖት አምልኮን ሊመልስ የሞከረው ንጉሠ ነገሥት ዩልያኖስ በ362 ገደማ ለአንድ የጣዖት ሊቀ ካህናት በጻፈው ደብዳቤ፣ ክርስቲያኖቹ ከራሳቸው ድኻ አልፈው የሌላውንም ስለሚመግቡ ያማርራል፤ በየከተማው የእንግዳ ማረፊያ እንዲሠራም ያዝዛል።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ በቀጰዶቅያ ጽኑ ረኃብ ሆነ። ባስልዮስ፣ በኋላ የቂሣርያ ሊቀ ጳጳስ የሆነው፣ እህል ደብቀው ዋጋ የሚጠብቁትን ነጋዴዎች በስብከቱ ገሠጸ፤ ከከተማው ውጭም ለሕሙማን፣ ለድኾች፣ ለመንገደኞችና ለለምጻሞች የሚሆን ሰፊ ቤት አቆመ። ጓደኛው ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ ቤቱን እንደ ሌላ ከተማ ቆጥሮ አወድሶታል። ቦታው በባስልዮስ ስም ባስልያስ ተባለ። ሐኪምና አስታማሚ፣ ማብሰያና መኝታ ነበረው፤ ሰጪው ዛሬ ልቡ ቢከፈትም ቢዘጋም የታመመው ሰው እራቱን ያገኛል። ትምህርቱ ከግለሰብ ስሜት ወጥቶ ወደ ሥራ ድርሻ የገባው እዚህ ላይ ነው።

ዮሐንስ አፈወርቅ ደግሞ ጠቡን ወደ ቤተ መቅደሱ አስገባው። በአንጾኪያ በማቴዎስ ወንጌል ላይ በሰጣቸው ስብከቶች ክርስቶስን በቤተ ክርስቲያን በሐርና በወርቅ ጽዋ አክብሮ ደጅ ላይ በብርድ የሚተው ሰው ምን እንዳከበረ ይጠይቃል። የአንጾኪያ ቤተ ክርስቲያን በየቀኑ 3,000 መበለቶችንና ደናግልን እንደምትመግብ ይናገርና፣ ባለጠጎቹ ቢረዱ ቁጥሩ ምን ያህል ሊሆን ይችል እንደ ነበር ያሰላላቸዋል። በ398 የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ ከሆነ በኋላ ከብር ፖፖ የሚያሠሩትን ወይዛዝርት ሳይቀር በአደባባይ ዘለፈ። ከቤተ መንግሥቱ ጋር ተጣልቶ በ404 ተሰደደ፣ በ407 በስደት ሞተ። የጠቡ ምክንያት ብዙ ቢሆንም ይህ ምላስ አንዱ ነበር።

የባስልዮስ ወንድም ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ከሁሉም ርቆ ሄዷል። በመጽሐፈ መክብብ ላይ በሰጠው ስብከት ባሪያ የሚገዛውን ሰው ለእግዚአብሔር መልክ ስንት ዋጋ እንደ ከፈለ ይጠይቀዋል። ከመልኩ ትምህርት ተነሥቶ ባርነትን ከሥሩ የነቀፈ እንዲህ ያለ ድምፅ በጥንቱ ዓለም እጅግ ጥቂት ነው። ቤተ ክርስቲያን በጠቅላላ ግን አልተከተለችውም፤ ከባርነት ጋር ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ አብራ ኖረች።

ገዳማትም የራሳቸውን መንገድ አበጁ። የኅብረት ምንኩስናን የመሠረተው አባ ጳኩሚስ በወጣትነቱ በግዳጅ ወታደር ሆኖ ተግዞ ሲሄድ፣ የማያውቃቸው የግብፅ ክርስቲያኖች ምግብ ይዘው ወደ እስረኛ ምልምሎች መጡ፤ ክርስትናን የመረጠው ይህን አይቶ እንደሆነ ገድሉ ይተርካል። በምዕራቡ ዓለም የ6ኛው መቶ ዘመኑ የቤኔዲክቶስ ሥርዓት በ53ኛው ምዕራፉ እንግዳ ሁሉ እንደ ክርስቶስ ይቀበሉት ብሎ ይደነግጋል። ድንጋጌ መሆኑ ልብ ይሏል። በሩን የሚከፍተው መነኩሴ በዚያ ቀን መንፈሳዊ ራእይ ይኑረው አይኑረው የሚጠይቅ የለም።

የመሸበት እንግዳ

በኢትዮጵያ ደጋ ትምህርቱ የኖረው ከመጻሕፍት ይልቅ በደጃፍ ነው። የመሸበት መንገደኛ ከአጥር ውጭ ቆሞ «ቤት ለእንግዳ» ይላል፤ ከውስጥ «ቤት የእግዚአብሔር» ይባልለታል። እግሩ ይታጠባል፣ ካለው ይቀርብለታል፣ መደብ ይለቀቅለታል። ባለቤቱ የእግዜርን እንግዳ እንዲወደው ማንም አይጠብቅበትም። የሚጠበቅበት እንዲያሳድረው ነው፤ የመለሰው ደግሞ ጎረቤት ያማዋል። ሐሜት መንፈሳዊ መሣሪያ ነው ተብሎ አይጻፍም እንጂ ብዙ መንገደኛ አሳድሯል።

የኔ ቢጤውም የሚለምነው በራሱ ስም አይደለም። በወሩ በ12 ስለ ሚካኤል፣ በ19 ስለ ገብርኤል፣ በ21 ስለ ማርያም፣ በ27 ስለ መድኃኔ ዓለም ይላል። ሰጪው ከተቀባዩ ጋር ብቻውን አይተያይም፤ በመካከላቸው ሦስተኛ ስም አለ። ዝክሩ፣ ሰንበቴውና የጽዋ ማኅበሩም የዚሁ ሥርዓት ክፍሎች ናቸው። ዳቦውና ጠላው በቅዱሱ ስም ይባረካል፣ ነዳያን ይካፈሉታል።

ከሁሉ የጠለቀው ግን የቆሎ ተማሪው ልማድ ነው። ልጁ ከወላጆቹ ቤት ርቆ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ቁራሽ ይለምናል። የደኅና ቤት ልጅ የሆነውም ይለምናል። ነገ ቅኔ የሚቀኘው፣ መጽሐፍ የሚተረጉመው፣ ስለ ምጽዋት የሚሰብከው ሊቅ ነገሩን አስቀድሞ ከተቀባዩ ወገን ያውቀዋል። ስለ ድኻ የሚያስተምረው ሰው ራሱ ለምኖ እንዲያድግ ያደረገ የትምህርት ሥርዓት ነው፤ ዘመናዊ የነገረ መለኮት ኮሌጆች ይህን በምንም አልተኩትም።

ተረኮቹም ይህንኑ ያጠናክራሉ። በስንክሳር ጥቅምት 14 የሚታሰበው ገብረ ክርስቶስ የቁስጥንጥንያ ንጉሥ ልጅ ነው። በሠርጉ ሌሊት ቤቱን ትቶ ይሄዳል፣ ከዓመታት በኋላ ቁስለኛ ለማኝ ሆኖ ወደ አባቱ ደጅ ይመለሳል። የቤቱ አገልጋዮች እጣቢ ይደፉበታል። አባቱ ልጁን የሚያውቀው ከሞተ በኋላ በእጁ ከተገኘው ደብዳቤ ነው። በተአምረ ማርያም የሚነገረው የበላዔ ሰብእ ታሪክ ደግሞ የበለጠ አከራካሪ ነው። 78 ነፍስ የበላው ሰው በማርያም ስም ለለመነው ጥማተኛ ለምጻም ጥርኝ ውኃ ሰጠ፤ በፍርድ ሚዛን ላይ ውኃው መዘነ። ወንጌላውያን ክርስቲያኖች ታሪኩን መዳንን ማርከስ ነው ብለው ይነቅፉታል፤ ኦርቶዶክሳውያን የምሕረትን ልክ ማጣት ያዩበታል። ለዚህ ዳሰሳ የሚጠቅመው ሌላው ጎኑ ነው። በላዔ ሰብእ የለማኙን ፊት አይቶ አልራራም፤ ያራራው ስሙ ነው። ልማዱ ልብ የደነደነበትን ሰው እንኳ ሊያንቀሳቅስ እንደሚችል ተረኩ አምኗል።

የልማዱ ድንበርም መነገር አለበት። በግብፅ በ13ኛው መቶ ዘመን በዓረብኛ ተዘጋጅቶ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት ሰው በተፈጥሮው ነጻ መሆኑን ይመሰክርና ወዲያው የባርነትን ሕግ ይደነግጋል። ባርነት በኢትዮጵያ በሕግ ጨርሶ የቀረው እ.ኤ.አ. በ1942 በወጣው አዋጅ ነው። ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂውና ቤተ እስራኤል በቡዳነት እየተጠረጠሩ ከማዕድ ተለይተው ኖረዋል። የሥጋ ደዌ ሕመምተኞች በቤተ ክርስቲያን ደጅ ምጽዋት ያገኙ ነበር፤ ከደጁ አልፎ ወደ ሰው ቤት መግባት ግን ሌላ ነገር ነበር። ለአላፊው መንገደኛ የተከፈተ በር ለነዋሪው የተናቀ ጎረቤት ተዘግቶ መኖሩ የሥርዓቱ ትልቁ ቅራኔ ነው። መንገደኛ ነገ ይሄዳል፤ ጎረቤት ግን ከተከበረ ማዕድ ይጋራል፣ ልጅ ይድራል፣ መሬት ይካፈላል።

ትምህርቱ ማኅበራዊ ሥርዓትን በቀጥታ የነካበት ምሳሌ ከትንሽ የእንግሊዝ ማኅበር ይገኛል። ጆርጅ ፎክስ በ17ኛው መቶ ዘመን የመሠረታቸው ክዌከሮች በሰው ሁሉ ውስጥ የእግዚአብሔር የሆነ ነገር አለ ብለው አስተማሩ። ከዚህ ተነሥተው ለባለ ሥልጣን ባርኔጣ ማውለቅ እምቢ አሉ። አሜሪካ የሄዱት በጀርመንታውን እ.ኤ.አ. በ1688 ባርነትን የሚቃወም ጽሑፍ አወጡ። ያም ሆኖ የፊላደልፊያ ጉባኤያቸው ባሪያ በመግዛትና በመሸጥ የሚጸኑ አባላቱን ለመቅጣት የወሰነው በ1758 ነው፤ ግልጽ የሆነው ትምህርት ወደ ራሳቸው ኪስ ለመድረስ 70 ዓመት ፈጀበት።

ሃያኛው መቶ ዘመንና የቅዱሳኑ ጥላ

በ20ኛው መቶ ዘመን ጥያቄው ሁለት አቅጣጫ ያዘ። አንደኛው ፊት ለፊት ያለውን አንድ ሰው ማገልገል፣ ሁለተኛው ድኻውን ድኻ ያደረገውን ሥርዓት መጠየቅ ነው። ዶሮቲ ዴይ ሁለቱንም ለመያዝ ሞክራለች። እ.ኤ.አ. በ1933 በኒው ዮርክ ከፒተር ሞሪን ጋር የካቶሊክ ሠራተኛ ጋዜጣን ጀመረች፤ የእንግዳ ቤቶችን ከፈተች፣ ሾርባ አደለች፣ ጦርነትን ተቃውማ ታሰረች። በላቲን አሜሪካ ጳጳሳት በ1968 በሜደሊን ካደረጉት ጉባኤና ጉስታቮ ጉቲዬሬዝ በ1971 ካሳተመው መጽሐፍ ወዲህ የነጻነት ነገረ መለኮት ሁለተኛውን አቅጣጫ አጠነከረ። የሳን ሳልቫዶሩ ሊቀ ጳጳስ ኦስካር ሮሜሮ ወታደሮች ወገናቸውን እንዳይገድሉ በስብከት በጠየቀ ማግስት፣ መጋቢት 24 ቀን 1980 እ.ኤ.አ. ቅዳሴ ላይ ሳለ ተገደለ።

ኢትዮጵያም በዚህ ክርክር ውስጥ የራሷ ድምፅ ነበራት። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በዋና ጸሐፊዋ በቄስ ጉዲና ቱምሳ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1972፣ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በላከችው ጽሑፍ የምዕራባውያን ለጋሾች ወንጌልን በአንድ ሣጥን፣ ልማትን በሌላ ሣጥን ከፍለው ገንዘብ መስጠታቸውን ተቃወመች። ሰው አንድ ሙሉ ፍጥረት ነው፤ ነፍሱን ለአንዱ በጀት፣ ሆዱን ለሌላው መመደብ አይቻልም የሚል ነው መከራከሪያው። ቄስ ጉዲና ከአገር እንዲወጡ ዕድል ቢቀርብላቸውም መንጋቸውን ትተው አልሄዱም። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ተወስደው ተገደሉ፤ አፅማቸው የተገኘው ከደርግ መውደቅ በኋላ ነው።

በተግባር ወገንም የሚጠቀሱ አሉ። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1959 ከአውስትራሊያ አዲስ አበባ መጥተው፣ በ1974 በወሊድ ጉዳት ሽንት መቆጣጠር ተስኗቸው ከባልና ከመንደር ለተገለሉ ሴቶች ሆስፒታል ከፈቱ። ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1980 እ.ኤ.አ. ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ሲሄዱ በወሎ ረኃብ የወደቁትን አይተው ሁለት ሕፃናት ይዘው ተመለሱ። ልጆቹ እየበዙ ሲሄዱ ቤተሰባቸው አልተስማማም፤ እርሳቸው ከልጆቹ ጋር ከቤት ወጡ። የተሳለሙት ቦታ መንገዱ ላይ ነበር ማለት ይቻላል።

የእናት ቴሬሳ ጉዳይ ረዘም ያለ ቦታ ይገባዋል፤ «ክርስቶስን በድኻው ማየት» የሚለውን አነጋገር ለዘመኑ ዓለም ያስተዋወቁት እርሳቸው ናቸውና። በ1950 በካልካታ የመሠረቱት ማኅበር ዛሬ አዲስ አበባንም ጨምሮ በብዙ ከተሞች የሚሞቱትንና የተጣሉትን ይቀበላል። ሁለት ነገሮች ግን ሥዕሉን አወሳስበውታል። በ1994 ሐኪሙ ሮቢን ፎክስ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የካልካታውን ቤት ጎብኝተው የሕክምናውን ጉድለትና የጠንካራ ሕመም ማስታገሻ አለመኖር ጻፉ። ክርስቶስን አየሁበት የተባለው ሕመምተኛ በሽታው በቅጡ ካልተመረመረ ማየቱ ለማን ጠቀመ የሚለው ነቀፌታ ቀላል አይደለም። በ2007 የታተሙት የግል ደብዳቤዎቻቸው ደግሞ መነኩሲቷ ለአሥርተ ዓመታት የእግዚአብሔር መኖር እንዳልተሰማቸው አሳዩ። አንዳንዶች ይህን እንደ ግብዝነት ቆጠሩት። ከማቴዎስ ትዕይንት አንጻር ግን ከምስክርነታቸው ሁሉ ይህ ይልቃል፤ ሳይሰማቸውም ቁስል ያጥቡ ነበር።

ከዚህ የከፋው የዣን ቫኒዬ ታሪክ ነው። በ1964 በፈረንሳይ ትሮሊ ብሬይ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ካለባቸው ሰዎች ጋር አብሮ የሚኖር ማኅበር፣ ላርሽን፣ መሠረተ። በደካማው ሰው የእግዚአብሔርን ፊት ስለ ማየት የጻፋቸው መጻሕፍት በመላው ዓለም ተነበቡ። በ2019 ከሞተ በኋላ ማኅበሩ ራሱ ያስደረገው ምርመራ በ2020 ስድስት ሴቶችን በመንፈሳዊ ምክር ሽፋን በወሲብ እንደ በደለ አረጋገጠ፤ የ2023 ሪፖርት ቁጥሩን ቢያንስ 25 አደረሰው። ላርሽ ግን አልፈረሰም። ቤቶቹ ሥርዓት፣ ደንብና ተጠያቂነት ያላቸው የብዙ ሰዎች ኑሮ ስለሆኑ ከመሥራቹ ስም ተለይተው ቀጥለዋል። በሌላው ሰው ውስጥ እግዚአብሔርን አያለሁ የሚል ሰው በተከታዮቹ ዘንድ ራሱ የእግዚአብሔር ፊት ተደርጎ ሊታይ ይችላል፤ አደጋው የሚጀምረው ከዚያ ነው።

የፈላስፎችና የተመራማሪዎች ጥያቄ

ከአማኞች ወገን ጭምር የሚነሣ አንድ ሥር ያለው ተቃውሞ አለ። ሰውን ስለ እግዚአብሔር ብሎ መውደድ ሰውየውን እንደ መስኮት መጠቀም አይሆንም ወይ? ጥያቄው ለአውግስጢኖስም አልጠፋውም፤ ባልንጀራ የሚወደደው ስለ ራሱ ነው ወይስ ስለ ሌላ ነገር በሚለው ላይ ደክሟል። ፈላስፋዋ ሲሞን ቬይ የሰጠችው መልስ በትኩረት ላይ ያርፋል፤ የተጎዳውን ሰው እንዳለ ማየት፣ ምን እንደሚያመው መጠየቅ በራሱ በቂ ሥራ ነው ትላለች። አይሁዳዊው ፈላስፋ ኢማኑኤል ሌቪናስም በ1961 ባሳተመው ሥራ የሌላው ሰው ፊት ከማንኛውም ሐሳብ አስቀድሞ ኃላፊነትን እንደሚጥል ተከራክሯል። በአዲስ አበባ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን የሚያነሣው መቄዶንያ «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚል መፈክር አለው። መፈክሩ እግዚአብሔርን ባይጠራም ድርጅቱን ከሚረዱት ብዙዎቹ በየበዓሉ በቅዱሳን ስም የሚሰጡ ናቸው፤ ሁለቱ አነጋገሮች በአንድ ድስት ይበስላሉ።

ሌላው ጥያቄ የሚመጣው ከሥነ ልቦና ነው። ጆን ዳርሊና ዳንኤል ባትሰን በ1973 ባሳተሙት ጥናት 40 የፕሪንስተን የነገረ መለኮት ተማሪዎችን ንግግር እንዲያደርጉ ወደ ሌላ ሕንፃ ላኩ። ግማሾቹ የሚናገሩት ስለ ደጉ ሳምራዊ ነበር። በመንገዳቸው ላይ አንድ ሰው ተኮማትሮ ያስላል። ጊዜ ካላቸው 63 በመቶው ሲቆሙ፣ እንዲጣደፉ ከተነገራቸው የቆሙት 10 በመቶ ብቻ ናቸው። ስለ ሳምራዊው ለመስበክ መሄዳቸው ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላመጣም። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ብዙ ሊጫንበት አይገባም። ይሁንና የጥንቱ የመሸበት እንግዳ ሥርዓት ለምን እንደ ሠራ በከፊል ያስረዳል። ማታ ነው፣ ሥራ ቆሟል፣ ባለቤቱ የሚቸኩልበት የለውም። የዛሬው ከተሜ በታክሲ ሰልፍና በሥራ ሰዓት መካከል የሚያልፈው ለማኝ ያንን ዕድል አያገኝም።

ጠላት፣ ስደተኛ፣ እስረኛ

ትምህርቱ የሚከብደው ድኻው ላይ አይደለም። በደል የፈጸመውስ ሰው የእግዚአብሔር መልክ ነው? ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ የደቡብ አፍሪካን የእውነትና የእርቅ ኮሚሽን ሲመሩ ነው ብለው ያምኑ ነበር። እውነቱን ሙሉ በሙሉ የተናገረ ወንጀለኛ ምሕረት ሊያገኝ ቻለ። የተገደለው የፀረ አፓርታይድ ታጋይ የስቲቭ ቢኮ ቤተሰብና ሌሎች ግን ምሕረቱ ፍትሕ ይነጥቀናል ብለው በ1996 ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዱ፤ አልረቱም። የገዳዩን ሰብአዊነት የማክበሩ ዋጋ በተገዳዩ ቤተሰብ ትከሻ ላይ መውደቁ እስከ ዛሬ የሚያከራክር ነው።

በሩዋንዳ ደግሞ ተቃራኒው ታየ። አብዛኛው ሕዝብ ክርስቲያን በሆነበት አገር በ1994 ቱትሲዎች በረሮ እየተባሉ ተገደሉ፤ ንታራማና ኛማታን የመሰሉ አብያተ ክርስቲያናት የእልቂት ቦታ ሆኑ። በኛንጌ 1,500 ያህል ሰዎች የተጠለሉበት ቤተ ክርስቲያን በቡልዶዘር ሲፈርስ የደብሩ ቄስ አትናስ ሴሮምባ ተባባሪ ነበር፤ የሩዋንዳው ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት በ2008 ዕድሜ ልክ ፈረደበት። በዚያው በኛንጌ በመጋቢት 1997 ታጣቂዎች የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብተው ተማሪዎቹን ሁቱና ቱትሲ ብለው እንዲለያዩ አዘዙ። ተማሪዎቹ እምቢ አሉ፣ ከመካከላቸውም ተገደሉ። ቄሱ የመልኩን ትምህርት በሴሚናሪ ተምሯል፤ ተማሪዎቹ ያላቸው አብረው የበሉበት አዳራሽና የተካፈሉት ዴስክ ነበር።

ከኅዳር 2020 እስከ ኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነትም በየወገኑ የተሰለፉት አብዛኞቹ አንድ ቅዳሴ የሚቀድሱ ነበሩ። ሕዝብን በበሽታና በአውሬ ስም የሚጠራ ንግግር በመገናኛ ብዙኃን ሲበዛ የተናገሩበት የሃይማኖት አባቶች ነበሩ፤ ዝም ያሉት ግን በዙ። በትግራይ ያሉት አህጉረ ስብከት ከቅዱስ ሲኖዶስ ጋር የገቡበት ክፍፍል ከዚህ ዝምታ ጋር የተያያዘ ነው።

ልማዱ ዛሬ አዳዲስ ቅርጾች ይዟል። የኔ ቢጤው ፊት በካሜራ ተቀርጾ በማኅበራዊ ሚዲያ ይለቀቃል፤ ገንዘቡ በሞባይል ባንክ ይሰበሰባል። ብዙ ሰው ታክሟል፣ ቤት ተሠርቶለታል። ተቀባዩ ግን እንባውን ለሺዎች አሳይቶ ነው የሚረዳው፤ በስም መካከለኛነት ይሸፈን የነበረው ውርደት አሁን የርዳታው መክፈያ ሆኗል። በቤይሩት በሰኔ 2020 የኢኮኖሚ ቀውስ የመታቸው አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞችን ያለ ደመወዝና ያለ ፓስፖርት ከኢትዮጵያ ቆንስላ ደጅ አውርደው ሲሄዱ፣ ከአሠሪዎቹም ከተጣሉትም መካከል ክርስቲያኖች ነበሩ። ለሴቶቹ ምግብና ማደሪያ ካፈላለጉት ግንባር ቀደሞቹ ራሳቸው ስደተኛ ሠራተኞች የሆኑ እህቶቻቸው ናቸው።

እስር ቤት ደግሞ ከሁሉ ያነሰ ምጽዋት የሚደርስበት ቦታ ነው። በኢትዮጵያ ቤተሰብ ስንቅ ማድረስ የቆየ ግዴታ ነው፤ ጠያቂ የሌለው እስረኛ ከሌሎች ስንቅ ይካፈላል። አብያተ ክርስቲያናት በፋሲካና በገና በሬ አርደው ወደ ማረሚያ ቤት ይወስዳሉ፣ ይሰብካሉ። የሚከብደው የአዘቦቱ ቀን ነው፤ ከዚያም ይልቅ በፖለቲካ የታሰረው። እርሱን መጠየቅ የራስን ስም በር ላይ ማስመዝገብ ነው። የቄስ ጉዲና ባለቤት ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ለአሥር ዓመት ያህል ታስረው ሲኖሩ ይህን ስንቅ የማድረስ ድፍረት ያላቸው ዘመድና ምእመን አይበዛም ነበር። ወንጌሉ ታስሬ ጠየቃችሁኝ ሲል እስረኛው ጥፋተኛ ይሁን ንጹሕ አይናገርም፤ ስለዚህ ጠያቂው በሩ ላይ የሚሰጠው ማስረጃ የራሱ ስም እንጂ የታሳሪው ንጽሕና አይደለም።